የበልግ ዝናብ ተስፋ በመንዝ፣ በጊሼና በመርሐ ቤቴ፤ አጭር የታሪክ ጥናት

መግቢያ

በቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር ዓመቱ በአራት ወቅቶች ይከፈላል። ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 መጸው፣ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 በጋ፣ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ጸደይ፣ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ክረምት ይባላል። በከተማ ያደገ ሰው ጸደይ ሲባል አደይ አበባ የሚፈነዳበትን የመስከረም ወር ያስባል፤ መጽሐፉ ግን ጸደይ የሚለው ከመጋቢት መጨረሻ ጀምሮ ያለውን ጊዜ ነው። የመንዝ ባላገር ደግሞ ይህን ወራት በልግ ይለዋል። ዝናቡንም መጋቢት 26 እስኪደርስ አይጠብቅም። ደኅና ዓመት ከሆነ በየካቲት ይዘንማል፤ ካልሆነም ዐቢይ ጾም ሳይፈታ ነገሩ ይታወቃል። የአየር ጠባይን የሚከታተለው የመንግሥት መሥሪያ ቤትም በልግ ብሎ የሚቆጥረው በየካቲት ተጀምሮ በግንቦት የሚያልቀውን ጊዜ ነው።

ይህ ጽሑፍ ሦስት ነገር ለመመርመር ይሞክራል። አንደኛው፣ የበልግ ዝናብ ለመንዝና ለጎረቤቶቹ ለምን የኑሮ መሠረት ሊሆን እንደ ቻለ ነው። ሁለተኛው፣ ሕዝቡ በልማዱ፣ በኋላም መንግሥት በመሣሪያ፣ የበልጉን መምጣትና መቅረት አስቀድሞ ለማወቅ ምን እንዳደረገ ነው። ሦስተኛው፣ በልጉ በቀረ ጊዜ ሰውን ያዳነው ምን እንደ ነበረ ነው። ጸሐፊው የደረሰበት ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው። የዝናብ መቅረት አስቀድሞ መታወቁ ብቻውን ማንንም ከረሃብ አላዳነም። ያዳነው ከዕውቀቱ ጀርባ የተዘጋጀ መጠባበቂያና መጠባበቂያውን በጊዜው የሚከፍት ሰው ሲኖር ነው።

ለጽሑፉ መሠረት የሆኑት የታተሙ ጥናቶችና ጸሐፊው በተወለደበት በመንዝ ከሽማግሌዎች የሰማው ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ስለ አገሩ አቀማመጥ

መንዝና ጊሼ ቀድሞ በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ አንድ አውራጃ ነበር፤ መርሐ ቤቴም እንዲሁ ራሱን የቻለ አውራጃ ነበር። ዛሬ ሁሉም በአማራ ክልል በሰሜን ሸዋ ዞን ውስጥ በልዩ ልዩ ወረዳ ተከፋፍለው ይገኛሉ። መንዝ ከጥንት ጀምሮ ማማ፣ ላሎና ጌራ ተብሎ በሦስት ምድር ይለያል። የሸዋ ነገሥታት የዘር ሐረግ መነሻ የሆነው ነጋሲ ክርስቶስ የተነሣው ከዚህ አገር ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በመንዝ የተቀመጠው አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ ዶናልድ ሌቪንም፣ «ሰምና ወርቅ» ብሎ በሰየመው መጽሐፉ፣ የመንዝ ሰው ከአባቶቹ ርስት ጋር ያለውን ጽኑ ትስስር በሰፊው ገልጿል።

ይህ ርስት ግን ለእርሻ ቀላል መሬት አይደለም። የመንዝ ሜዳ በብዙው ስፍራ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው፤ ከመሐል ሜዳ በላይ ያለው የጓሣ ምድር ደግሞ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። በምሥራቅ በኩል ምድሩ በገደል ተቆርጦ ወደ ይፋት ቆላ ይወርዳል። ውሃው ግን የሚፈሰው ወደ ምዕራብ ነው፤ ወንጪትና ጀማ ጥልቅ ሸለቆ እየቀደዱ ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። መርሐ ቤቴ የሚገኘው በእነዚህ ሸለቆዎች መካከል ነው፤ ዋና ከተማው ዓለም ከተማ ወይና ደጋ ሲሆን፣ የወንዞቹ ዳርቻ ፍጹም ቆላ ነው። ስለዚህ ከመንዝ ሜዳ ተነሥቶ በእግር ወደ ጀማ የሚወርድ መንገደኛ ከገብስ አገር ተነሥቶ በጤፍ አገር አልፎ ከማሽላ አገር ይደርሳል።

በዓመቱ ውስጥ ብዙ ዝናብ የሚዘንመው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ታዲያ ደገኛው የክረምቱን ትቶ በትንሹ የበልግ ዝናብ ላይ ተስፋውን የጣለው ለምንድን ነው? ምክንያቱ ቅዝቃዜ ነው። በዚህ ከፍታ እህል ለመድረስ ረጅም ጊዜ ይፈልጋል። በሰኔ የተዘራ ገብስ የሚያሸተው በጥቅምትና በኅዳር ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሰማዩ ጠርቶ ሌሊት ሌሊት ውርጭ ይጥላል። አንድ ሌሊት የጣለ ውርጭ የአራት ወር ድካም ሊያጠፋ ይችላል። በሌላም በኩል በክረምት ሜዳው ውሃ ይተኛበታል፤ በረዶም ይመታዋል። በየካቲትና በመጋቢት የተዘራ የበልግ ገብስ ግን ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ በሐምሌ ይታጨዳልና ከውርጩ ያመልጣል። የበልግ ዝናብ ከእህሉ ሌላ በበጋው የደረቀውን ሣር ለበግና ለከብት ያበቅላል፤ ምንጩንም ያጠግባል።

በመርሐ ቤቴ ነገሩ የተለየ ነው። እዚያ ዋናው እህል ጤፍ ስለሆነ የሚታመነው በክረምቱ ነው። በልጉ የሚጠቅመው መሬቱን ለእርሻ ለማለስለስና በቆላው ረጅም ጊዜ የሚፈልገውን ማሽላ ቀድሞ ለመዝራት ነው። እንግዲህ አንዱ ዝናብ ለደገኛው እንጀራ ሲሆን፣ ለቆለኛው መሰናዶ ነው። የደገኛው ጭንቅ የሚከፋው በልጉ ሲቀር ነው፤ የቆለኛው ጭንቅ የሚከፋው ክረምቱ ሲያጥር ነው። ይህ ልዩነት በገበያም በዝምድናም ሲያገናኛቸው ኖሯል። በግና ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና ወደ ታች ይወርዳል፤ ጤፍና ማሽላ ወደ ላይ ይወጣል። ደገኛው ባጣ ጊዜ ከቆላ ዘመዱ ዘንድ ይሄዳል፤ ቆለኛውም እንዲሁ።

ባላገሩ በልግን አስቀድሞ የሚመረምርበት ልማድ

የመንዝ ሽማግሌ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ወደ ምሥራቅ ይመለከታል። የሚመለከተውም የገደሉን አፋፍ ነው። ከይፋት በኩል የሚነሣው ነፋስ ጉም ተሸክሞ አፋፉን ከዘለቀ በልጉ ቀርቧል ይላል። ነፋሱ ከሌላ አቅጣጫ እየነፈሰ ሌሊቱ በውርጭ ከጸና ግን ዘሩን ከጎታ ለማውጣት አይቸኩልም።

ይህን ልማድ ተማሪ ነኝ የሚል ሰው ሊንቀው አይገባም። የበልግ ርጥበት ከየት እንደሚመጣ ሳይንሱ የሚናገረው ከዚህ ጋር ይስማማል። በዚህ ወራት ርጥበት ያለው አየር ከሕንድ ውቅያኖስና ከዐረብ ባሕር ተነሥቶ በምሥራቅና በደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ወደ አገራችን ይገባል። ከሰሜን በኩል የሚመጣ ቀዝቃዛ የላይ አየር ሲያገኘውም ወደ ላይ ተነሥቶ ዝናብ ይሆናል። የመንዝ ገደል ደግሞ ከቆላው ለሚመጣው ነፋስ እንደ ግንብ የቆመ ነው። ስለዚህ ሽማግሌው አፋፉን ማየቱ ትክክለኛውን በር ማየቱ ነው። ችግሩ በሩ መከፈቱን የሚያውቀው ከተከፈተ በኋላ ወይም ጥቂት ቀን ሲቀረው መሆኑ ነው፤ የሦስት ወሩን ነገር አስቀድሞ ሊነግረው አይችልም።

ለረጅሙ ጊዜ ሰዎች የሚጠይቁት ባሕረ ሐሳብ የሚያውቀውን ደብተራ ነበር። ዘመኑ በአራቱ ወንጌላውያን ስም በማቴዎስ፣ በማርቆስ፣ በሉቃስና በዮሐንስ ይዞራል፤ ብዙ ሰውም እያንዳንዱ ዘመን የራሱ የሆነ ጠባይ አለው ብሎ ያምናል። ጸሐፊው ይህን እምነት በጥቂቱ ለመፈተን በልግ የከፋባቸው መሆኑ በጽሑፍ የታወቀ አምስት ዓመታትን ወስዶ ቈጥሯል። በወሎ ብዙ ሕዝብ ያለቀበት 1965 ዘመነ ማቴዎስ ነበር። 1976 ዘመነ ዮሐንስ፣ 1991 ዘመነ ሉቃስ፣ 2000 ዘመነ ዮሐንስ፣ 2007 ዘመነ ሉቃስ ነበሩ። ከአራቱ ሦስቱ ክፉውን ዓመት ተካፍለውታል። ማርቆስ በዝርዝሩ ውስጥ ባይገኝም፣ አምስት ዓመት ብቻ ቈጥሮ ማርቆስን ደግ ነው ማለት የጥናት ሥርዓት አይደለም።

ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን ባላገሩ ለትንበያው ሲል ሁሉን አሳልፎ አለመስጠቱ ነው። ዘሩን በአንድ ቀን አይበትንም፤ ከፊሉን ቀድሞ ይዘራል፤ ከፊሉን ያቆያል። ፈጥኖ የሚደርሰውን ገብስ ከሚዘገየው ለይቶ ያስቀምጣል። ምልክቱ ካላማረው በጉ ሳይከሳ ይሸጣል። ስለዚህ የእርሱ ትንበያ ወዲያው ከሥራ ጋር የተያያዘ ነው፤ ሰማዩን የሚያየውም፣ ጎታውን የሚከፍተውም እርሱ ራሱ ነውና።

የጓሣ ምድርና የቄሮ ሥርዓት

አንድ ቤተ ሰብ ብቻውን ሊያዘጋጀው የማይችለውን መጠባበቂያ የመንዝ ሕዝብ በጋራ አዘጋጅቶ ነበር። ይህም ከጌራ ምድር በላይ ያለው የጓሣ ምድር ነው። ስሙን ያገኘው በላዩ ከሚበቅለው ጓሣ ከሚባለው ሣር ነው። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለከብት መኖ ይሆናል። ጭላዳና ቀይ ቀበሮም የሚኖሩበት ስፍራ ነው።

እንደሚነገረው አገሩን ያቀኑት አባቶች አስቦና ጌራ ይባሉ ነበር፤ ወሰናቸውንም በፈረስ ጋልበው ለዩ ይባላል። ዘመኑም ከነጋሲ ክርስቶስ ዘመን፣ ማለት በፈረንጆች አቆጣጠር ከ17ኛው መቶ ዓመት ጋር ይያያዛል። ከእነዚህ አባቶች የሚወለዱት ሁሉ ምድሩን በአጽመ ርስትነት በጋራ ይዘውት ኖሩ። የአጠባበቁ ሥርዓት ቄሮ ይባል ነበር። ከአስቦ አንድ፣ ከጌራ አንድ፣ አባ ቄራ የሚባል አለቃ ይመረጣል። አባ ቄራው ምድሩን ያስዘጋል፤ ከተዘጋ በኋላ ሣር ያጨደ ወይም ከብት ያስገባ ይቀጣል። አንዳንድ ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ድረስ ተዘግቶ ይቆይ ነበር።

የሚከፈትበት ጊዜ ለዚህ ጥናት ዋና ነገር ነው። ሣሩ መድረሱና የሕዝቡ ችግር ታይቶ፣ ብዙውን ጊዜ በድርቅ ዓመት፣ በጋው በጸናበት ወራት ይከፈታል። አስቀድሞ የሣሩ አጨዳ ይፈጸማል፤ ከዚያም ከብቱ ይገባል። ክረምቱ ሲገባ፣ ሐምሌ 5 ቀን የሐዋርያት በዓል ሲደርስ፣ ምድሩ እንደገና ይዘጋል። እንግዲህ ጓሣ የሚከፈተው በልጉ በሚጠበቅበትና ቢቀር ጉዳቱ በሚሰማበት ወራት፣ የሚዘጋውም በደኅና ዓመት የበልጉ ገብስ በሚታጨድበት ጊዜ ነበር። አባ ቄራው የዝናብ መለኪያ ባይኖረውም፣ በእጁ የተዘጋ በርና የማስከፈት ሥልጣን ነበረው።

ሥርዓቱን ያለ ነቀፋ ማመስገን ግን አይገባም። ከአቅኚዎቹ የማይወለድ ሰው፣ እንደ ጥበበኛውና እንደ መጤው ያለው፣ ከጓሣ ድርሻ አልነበረውም። ክፉ ዓመት በመጣ ጊዜ የጋራው በር ለእርሱ ዝግ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ሲወጣ የርስት መብት ቀረ፤ ከርስቱም ጋር የቄሮ ሥርዓት ቀረ። በሩ ለሁሉ ተከፈተ፤ ዳሩ ግን የሚዘጋው ሰው አልነበረም።

ከክፉ ቀን የሚገኝ ትምህርት

ወደ ኋላ ተመልሰን ክፉ ቀን የሚባለውን ከ1880 እስከ 1884 ያለውን ጊዜ ብንመለከት፣ አንድ ዐይነት መጠባበቂያ ብቻ መያዝ የሚያስከትለውን አደጋ እንረዳለን። በምፅዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ወደ ደቡብ ተስፋፍቶ ሸዋንም አዳረሰ። ድርቅ፣ አንበጣና ተምች ተጨመሩበት። ለደገኛው ከጎታ ቀጥሎ ያለው ሀብት ከብት ነው። በሬው ካለቀ በኋላ ግን ዝናብ ቢመጣም የሚያርስ አልተገኘም። ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቈፈር ለመኳንንቱና ለሕዝቡ አርአያ መሆናቸው፣ ከጎተራቸውም እህል ማደላቸው በታሪክ ተጽፏል። በዚያ ዘመን የሰማዩን ነገር አስቀድሞ ያወቀ ቢኖር እንኳ የበሬውን ሞት አያስቀርም ነበር። በልግ ማለት ዝናብ ብቻ አይደለም፤ ዝናብ፣ ዘርና በሬ በአንድ ጊዜ ሲገናኙ ነው በልግ የሚባለው።

መለኪያው ሲመጣ

ጸሐፊው በሚሲዮን ትምህርት ቤት በሚማርበት ጊዜ በግቢው ውስጥ አንድ የዝናብ መለኪያ ነበር። ተማሪዎች በተራ ጧት ጧት እያነበቡ በደብተር ይጽፉ ነበር። በመጀመሪያ ለልጆች መጫወቻ ይመስለን ነበር፤ ሁለተኛው ዓመት ሲሞላ ግን የአምናውን መጋቢት ከዘንድሮው መጋቢት ማስተያየት ቻልን። ሽማግሌ «ዘንድሮ ዝናቡ አነሰ» ሲል ያነሰው ከምን እንደ ሆነ የሚነግረው እንዲህ ያለው ደብተር ነው።

በአገራችን ይህ ሥራ በመንግሥት ደረጃ በመደበኛነት የተጀመረው በ1940ዎቹ መጀመሪያ በሲቪል አቪዬሽን ሥር በተቋቋመ ትንሽ ክፍል ነው። ዓላማውም በይበልጥ ለአውሮፕላን በረራ ነበር እንጂ ለገበሬ አልነበረም። በ1973 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ብሔራዊ የሜትሮሎጂ አገልግሎት ድርጅት ተቋቋመ፤ ይህም ዛሬ የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ይባላል። ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ መሥሪያ ቤቱ የየወቅቱን የዝናብ ተስፋ አስቀድሞ ያወጣል። የበልጉ የሚወጣው በልጉ ከመግባቱ በፊት ነው። የሚነገረውም በሦስት መደብ ነው፤ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች። ለእያንዳንዱም የሚሆንበት ዕድል በመቶኛ ይሰጠዋል።

ይህ ትንበያ የሚመሠረተው ከአፋፉ በጣም ርቀው በሚገኙ ነገሮች ላይ ነው። በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ ውሃው ከወትሮው ሲሞቅ ኤልኒኖ፣ ሲቀዘቅዝ ላኒና ይባላል። በብዙ ዓመታት ምርመራ እንደ ታየው፣ ኤልኒኖ የአገራችንን የክረምት ዝናብ ሲቀንስ፣ የበልጉን ግን ብዙ ጊዜ ያበረታል፤ ላኒና ደግሞ በተቃራኒው በልጉን ሲያዳክም ክረምቱን ያበረታል። ከዚህ ሌላ በደቡብ ምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ፣ በማዳጋስካር አካባቢ፣ ብርቱ ዐውሎ ነፋስ በሚበዛበት ዓመት ወደ እኛ የሚመጣው ርጥበት ወደዚያው ስለሚሳብ በልጉ ይቀንሳል።

ከዚህ ላይ አንባቢ እንዲያስተውለው የምንፈልገው ነገር አለ። አንዱ የውቅያኖስ ሁኔታ ለመንዝ ደጋ ደኅና በልግ፣ ለመርሐ ቤቴ ጤፍ ደግሞ አጭር ክረምት ሊያመጣ ይችላል። በሌላው ዓመት ይህ ይገለበጣል። እንግዲህ ደገኛውና ቆለኛው በገበያና በዝምድና መተሳሰራቸው እንዲያው ልማድ ብቻ አልነበረም። የአንዱ ክፉ ዓመት ለሌላው የግድ ክፉ ስላልሆነ፣ ስለ ኤልኒኖ ምንም ሳይሰሙ ከኤልኒኖ የሚጠብቅ ዋስትና ሠርተው ነበር። ዋስትናው የሚፈርሰው በልጉም ክረምቱም በአንድ ዓመት ሲቀሩ ነው።

1976

በ1976 ዓ.ም. የሆነው ይህ ነበር። በሰሜንና በመካከለኛው የአገራችን ክፍል በልጉ ቀረ፤ ክረምቱም ተከተለው። ደገኛው በሐምሌ የሚያጭደው አልነበረውም፤ ቆለኛውም በኅዳር የሚያካፍለው አልነበረውም። ጓሣም ያለ አባ ቄራ ከቀረ ዘጠኝ ዓመት ሆኖት ነበር፤ ለዚያ ቀን የተዘጋ ሣር አልተገኘም።

ነገሩ አስቀድሞ አልታወቀም ለማለት አይቻልም። ከወሎው ረሃብ በኋላ የተቋቋመው የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ከ1968 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥራ ነበረው። በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ኮሚሽኑ እየመጣ ያለውን ችግር ለለጋሽ መንግሥታት ገልጾ እህል ጠየቀ። ለጋሾቹ ግን ቊጥሩን ተጠራጠሩ፤ የአገሩ መንግሥት በበኩሉ ሐሳቡን በመስከረም 1977 ዓ.ም. በሚከበረው የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት በዓል ላይ አድርጎ ነበር። ዓለም የነቃው ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቴሌቪዥን የኮረምን ሥዕል ካሳየ በኋላ ነው። በመጋቢትና በጥቅምት መካከል ሰባት ወር አለ። የበልግ ገብስ ተዘርቶ ለመታጨድ እንኳ ይህን ያህል አይፈጅበትም።

ከሰሜን ሸዋም ብዙ ሕዝብ ተሰደደ፤ ከወሎና ከትግራይ ሕዝብ ጋር ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ በሠፈራ የተወሰደም ነበር። የጂኦግራፊ ሊቅ የነበሩት ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም በ1950 እና በ1970 መካከል ስለ ነበረው የገጠር ረሃብ በጻፉት መጽሐፍ፣ ድርቅና ረሃብ አንድ እንዳልሆኑ፣ ገበሬውን ለረሃብ የሚያጋልጠው የሰማዩ ሁኔታ ብቻ ሳይሆን የኖረበት አስተዳደርና ድኅነት መሆኑን አስረድተዋል። የ1976 ታሪክ ለዚህ ሐሳብ ብርቱ ምስክር ነው።

2007

በ1991 እና በ2000 ዓ.ም. በልጉ እንደገና በሰሜን ሸዋና በወሎ ደጋ ከፋ። በ2007 ግን እንደ 1976 ሁሉ በልጉ ቀርቶ፣ በኤልኒኖ ምክንያት ክረምቱም ተከተለው። በዚያ ዓመት ኤልኒኖ ቢኖርም በልጉ አልበረታም፤ ቀደም ብለን የተናገርነው ሕግ «ብዙ ጊዜ» የሚል ቃል የተጨመረበት ስለዚህ ነው። በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. መንግሥትና ተራድኦ ድርጅቶች አስቸኳይ የምግብ እርዳታ የሚያስፈልገው 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ መሆኑን አስታወቁ።

ጸሐፊው በዚያን ጊዜ ልጅ ነበር። የሚያስታውሰው አባቱ በጎቹን ወደ መሐል ሜዳ ገበያ ሲነዳ፣ ማታም ከፊሎቹን መልሶ ሲያመጣቸው ነው። ሁሉም ሻጭ ስለ ነበር ገዥ አልተገኘም። አባታችን የዝናቡን መቅረት አላወቀም አይባልም፤ በመጋቢት ዐውቆታል፤ በሬዲዮም ሰምቷል። ነገር ግን እርሱ ባወቀ ጊዜ ጎረቤቱም ሁሉ ዐውቆ ነበርና የሁሉም በግ በአንድ ቀን ገበያ ወጣ።

ቢሆንም በ2007 እና በ2008 የሆነው እንደ 1976 አልሆነም። ረሃቡ ሰውን በገፍ አልፈጀም። ልዩነቱን ያመጣው ሰማዩ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የምግብ ዋስትና ሴፍቲ ኔት ፕሮግራም በየቀበሌው የተመዘገበ ሕዝብ ነበረው፤ የእህል መጠባበቂያ ነበር፤ መንገድ ተሠርቶ ነበር፤ በጅቡቲ በኩል ብዙ ስንዴ ገባ። ትንበያው በ1976 ከነበረው የተሻለ ነበር ብንል እንኳ፣ ሰውን ያተረፈው ትንበያው ሲነገር የሚከፈት ጎተራ መኖሩ ነው። ጓሣም በዚህ ጊዜ ባለቤት አግኝቶ ነበር። የአካባቢው ሕዝብ የቄሮን ሥርዓት በአዲስ መልክ በኮሚቴና በመተዳደሪያ ደንብ መልሶ አቋቁሞታል፤ ክልሉም የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ አድርጎ ዐውቆታል። በአዲሱ ደንብ መብቱ የሚገኘው ከአስቦና ከጌራ በመወለድ ሳይሆን በአካባቢው ነዋሪ በመሆን ነው።

መደምደሚያ

ከላይ ከተጻፈው የሚከተለውን መደምደም ይቻላል።

አንደኛ፣ የመንዝ ሽማግሌ ወደ ምሥራቅ ማየቱና የመሥሪያ ቤቱ ባለሙያ ወደ ውቅያኖሱ ማየቱ የሚጣሉ አይደሉም። አንዱ ለቀናት፣ ሌላው ለወራት ይጠቅማል። ይሁን እንጂ የመሥሪያ ቤቱ ቃል የሚነገረው ለሰፊ ቀጠና በመሆኑ ለደጋውና ለሸለቆው አንድ ዐይነት ሆኖ ይደርሳል። ለመንዝና ለመርሐ ቤቴ አንዱ ዝናብ ሁለት ትርጕም እንዳለው አይተናል። ስለዚህ «ከመደበኛ በታች» የሚለው ቃል ለገብስ ዘሪው ምን ማለት እንደ ሆነ፣ ለማሽላ ዘሪውም ምን ማለት እንደ ሆነ ተለይቶ ሊነገር ይገባል።

ሁለተኛ፣ ከሦስት አንዱ ዕድል መሆኑን የሚናገር ትንበያ ሊሳሳት ይችላል። ዘር የሌለው ሰው አንድ ጊዜ ከተሳሳተ ለሁለተኛው ዓመት አይደርስም። ትንበያን ለማመን የሚችለው ቢሳሳት የሚተርፈው ያለው ነው። ስለዚህ ገበሬው የመሥሪያ ቤቱን ቃል አይቀበልም ብሎ ከመውቀስ በፊት፣ ተቀብሎት ቢሳሳት ማን ዘሩን እንደሚተካለት መጠየቅ ይገባል።

ሦስተኛ፣ አባ ቄራው የነበረው ትልቁ ነገር ጥበብ አልነበረም። የሚዘጋና የሚከፍት በር፣ ለመክፈትም የሚበቃ ሥልጣን በአንድ እጅ መያዙ ነበር። በ1976 ያወቀው አንድ፣ ጎተራው የሌላ፣ ሥልጣኑም የሦስተኛ ወገን ነበረ። የበልጉ ትንበያ በየዓመቱ በሚወጣበት ቀን፣ የእህል መጠባበቂያው ኀላፊና የጓሣ ኮሚቴ በዚያው ሳምንት ምን እንደሚያደርጉ አስቀድሞ የተወሰነ ቢሆን፣ ትንበያው በሬዲዮ ተነግሮ ብቻ አይቀርም ነበር።

ይህ ጥናት ጅምር ነው። በጸሐፊው በኩል የተመለከተው በይበልጥ የመንዝ ደጋ ነው። ከጊሼና ከመርሐ ቤቴ የመጡ ጓደኞቻችን በሚቀጥለው ዕረፍት ወደየአገራቸው ሲገቡ፣ በልግ የቀረባቸውን ዓመታት፣ ያን ጊዜ ከማን ዘር እንደ ተበደሩና ወደ የትኛው ቆላ እንደ ወረዱ ከአባቶቻቸው ጠይቀው ቢጽፉልን፣ የሁለቱን ወገን ታሪክ ጎን ለጎን አድርጎ ለመመርመር ይቻላል። የሚያስታውሱት አባቶች በዕድሜ የገፉ ስለሆኑ ይህ ሥራ ለከርሞ ባይቆይ ይሻላል።